ላሟ ምን ትበላለች?

ዙሀይራ መሀመድአወል በሮቤ ከተማ የምትታወቀው «ኮምፒውተር ላይ የምትውለዋ የደላላው ልጅ» ተብላ ነው። ሥራዋ ምን እንደሆነ አሟልቶ የሚያውቅ ሰው ግን በሰፈሩ ውስጥ እምብዛም አልነበረም። ከዩኒቨርሲቲ ከተመረቀች በኋላ፣ ሕፃናት ፊደልና ቁጥር የሚማሩባቸውን የስልክ ጌሞች የሚያዘጋጅ አንድ አነስተኛ የአዲስ አበባ ድርጅት ቀጥሯት፣ ከአባቷ ቤት ሳትወጣ ትሠራለች። ድርጅቱ የሚፈልጋት ጌም እንድትሠራለት ብቻ አይደለም፤ እንድትፈርድለትም ነው።

ጌም ከባዶ አይነሣም። ሥዕሉን የሚያንቀሳቅስ፣ ብርሃኑንና ጥላውን የሚያሰላ፣ ድምፁን ከእንቅስቃሴው ጋር የሚያገናኝ ትልቅ ፕሮግራም ከሥሩ አለ፤ የሙያው ሰዎች ኢንጂን ይሉታል። ኢንጂን በየጊዜው አዲስ ይወጣል። በወጣ ቁጥርም፣ ከእርሱ በፊት የነበረው ሁሉ ጨለማ እንደነበረ የሚያውጅ ማስታወቂያ ይከተለዋል። ያን ጊዜ ለዙሀይራ ይደወላል። «እንሻገር ወይስ ባለንበት እንርጋ?» ትባላለች። የብዙ ሰው ድካም ወደዚህ ወይም ወደዚያ የሚያዘነብለው በእርሷ ቃል ነበር።

ለፍርዷ ሥርዓት አበጅታለት ነበር። በእያንዳንዱ አዲስ ኢንጂን የምትሠራው ያችኑ አንዲት ትንሽ ትዕይንት ነው፦ አንዲት ላም ወንዝ ስትሻገር። ላሟ ተሻግራ ስታበቃ፣ ትዕይንቱን መስታወቱ በተሰነጠቀው በእኅቷ በዩስራ አሮጌ ስልክ ላይ ትጭነዋለች። ይህ ስልክ ካስኬደው የባላገሩ ልጅ ስልክም ያስኬደዋል ትላለች። ከዚያ በኋላ ጥያቄዋን ትደረድራለች። ምን ዓይነት ኮምፒውተር ይፈልጋል? ምን ያህል ሰው ይጠይቃል? ከትናንቱ ሥራችን ስንቱ ከእኛ ጋር ይሻገራል፣ ስንቱስ ወዲያ ማዶ ይቀራል? «ነፃ ነው» የሚለውን ቃል ደግሞ ከሁሉ አብልጣ ትጠራጠረው ነበር። ነፃ የተባለ ነገር ዋጋው አልቀረም፤ ዘግይቶ ይመጣል እንጂ።

ይህን ያስተማራት ዩኒቨርሲቲው አይደለም። አባቷ አቶ መሀመድአወል ዕድሜያቸውን በሮቤ የከብት ገበያ፣ በሻጭና በገዢ መካከል ቆመው የኖሩ ደላላ ናቸው። ገዢው በላሚቱ ቀንድ ማማርና በጠጉሯ መወልወል ልቡ ሲሸፍት ባዩ ጊዜ ትከሻውን ይዘው ገለል ያደርጉትና፣ «ምን ትበላለች? የምትበላውስ ቤትህ አለ?» ይሉታል። መልስ ያጣ ገዢ በእርሳቸው ፊት የስምምነት እጅ አይመታም። የድለላ ድርሻቸው ቢቀርባቸውም አይመታም።

ወደ ቤታቸው አዘውትሮ የሚመጣ አንድ ሰው ነበር፤ ክብሩ ይባላል። ከጎጃም መጥቶ በሮቤው ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የሚያስተምር፣ ከዙሀይራ ጋር እኩያና የሙያ ወዳጅ ነው። አዲስ ነገር በወጣ ቁጥር ከእርሱ ቀድሞ የሚሰማ የለም።

«ዙሀይራ፣ ይህን አየሽው? ሣሩ እኮ አንድ በአንድ ይወዛወዛል!» አለ አንድ ቀን፣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ።

«አየሁት። ምን ያህል ማሽን ይፈልጋል?»

«እሱን ተዪው! ነፃ ነው እያልኩሽ!»

«የሚሸከመው ኮምፒውተርም በነፃ ይመጣላ?»

«ወይ አንቺ! ሰው እንኳን ቢያገባሽ መጀመሪያ የሚያስኬደው ስልክ አለ ወይ ብለሽ ነው የምትጠይቂ።»

አቶ መሀመድአወል ከመደባቸው ላይ ሳል አሉና፣ «መምህር፣ በሬው ሸጋ ነው አሉኝ። ድርቆሹ ከየት ይመጣል?» ብለው ገቡበት።

«አባባ፣ እርስዎም ጌም ጀመሩ?»

«እኔማ ከጀመርኩ ቆየሁ! እናንተ ሳትመጡ በፊት፣ በቁም እንስሳ ሰውን ሳጫውት ነው የኖርኩት።»

ክብሩ በዚህ እስኪበቃው ከሳቀ በኋላ ነው ጫማውን ያወለቀው።

ዙሀይራ ከድርጅቱ ሥራ የተረፋትን ጊዜ የምታውለው በራሷ ጌም ላይ ነበር። የምትሠራው በአንድ አሮጌ፣ ቀላል ኢንጂን ነው። ነገሩም ጎዳንቱ ነው። በሮቤ ዙሪያ ያለው ሜዳ በስንዴና በገብስ ሲያዝ ለከብት መዋያ ይጠፋል፤ ባለ ከብት ሁሉ መንጋውን ይዞ ጎባን አልፎ ወደ ጋራው ይወጣል፤ የሳነቴን አምባ ይሻገርና ወደ ሐረና ጫካ ይወርዳል፤ በመንገዱም ከብቱን ሆራ፣ ማለት ጨዋማውን ምንጭ፣ ያጠጣል። ጎዳንቱ የሚባለው ይህ ጉዞ ነው። አቶ መሀመድአወል ከብታቸውን ሸጠው ደላላ ብቻ ሆነው ሳይቀሩ በፊት፣ በጎልማሳነታቸው ይህን መንገድ በየዓመቱ ሄደውታል። አንድ ዓመት ሳነቴ ላይ ጭጋግ ወርዶ ሰውና ረጅሙ የጅባራ ተክል የማይለይ በሆነ ጊዜ፣ መንጋውን ከነባለቤቱ መርታ ያወጣች አንዲት ላም ነበረቻቸው። ስሟ ዳላቲ ነው፤ በኦሮምኛ ግራጫዋ ማለት ነው።

በጌሙ ውስጥ መግደል የለም፤ መሽቀዳደምም የለም። ተጫዋቹ መንጋውን ሳይበትን፣ የዳላቲን ቃጭል እየሰማ፣ በጭጋጉ ውስጥ አልፎ ሆራው ዘንድ ማድረስ አለበት። በስክሪኑ ላይ የከብቱ ቁጥር አይታይም። ክብሩ በዚህ ነገር ብዙ ተከራክሯል።

«ተጫዋቹ ስንት እንደጠፋበት በምን ይወቀው?» አለ።

«ከብት አይቆጠርም» አሉ አቶ መሀመድአወል፤ «ሰውዬው ከብቱን የሚወድ ከሆነ የጎደለችውን በመልኳ ያውቃታል። የማይወድ ከሆነ ቢቆጥርስ ምን ያደርግለታል?»

እንግዲህ ቁጥር ከሌለ፣ እያንዳንዷ ላም የራሷ መልክ ሊኖራት የግድ ሆነ። መልካቸው ደግሞ የሚገኘው በአንድ ስፍራ ብቻ ነው፤ በአቶ መሀመድአወል ልብ ውስጥ። ስለዚህ አባትና ልጅ አንድ የሥራ ልማድ አበጁ። እርሳቸው ይናገራሉ፤ እርሷ ትሥላለች፤ ከዚያም ወደ ስክሪኑ ተጠግተው በጣታቸው ያርማሉ። «እዚህ ጋ ጥቁር ነጥብ አላት። አይደለም፣ ዝቅ አድርጊው። የዚችኛዋ ቀንድ ደግሞ ወደ ጆሮዋ ይዞራል። ሰነፍ ናት፤ ሰነፍነቷ ካንገቷ ይታወቃል።» የዙሀይራ ስክሪን ሁልጊዜ በጣት አሻራ የተዥጎረጎረ ነበር። ትጠርገዋለች፤ በማግሥቱ ይመለሳል።

የዓይናቸው ነገር የጀመረው በሣቅ ነው። አንድ የገበያ ቀን አቶ መሀመድአወል በጎናቸው የቆመውን የሰው በቅሎ ባለቤቱ መስሏቸው «አካም ቡልቴ፣ ነጋያ?» ብለው ሰላምታ ሰጡት። ገበያው ሁሉ ሣቀ፤ እርሳቸውም ሣቁ፤ ቤት መጥተውም ለልጆቻቸው አወሩት። ቆይቶ ግን የበር መቃን ትከሻቸውን ይመታቸው ጀመር። ዙሀይራ በሚኒባስ አሳፍራ ጎባ ሆስፒታል ወሰደቻቸው። ሐኪሙ ረጋ ብሎ አስረዳቸው። በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት የማያውን ሥር እየገደለው ነው፤ የሞተው አይመለስም፤ የቀረውን የዓይን ጠብታ ያቆየው ይሆናል። እስከ መቼ እንደሚያቆየው ግን ሰው አያውቅም።

ሲመለሱ አቶ መሀመድአወል በመስኮቱ በኩል ተቀምጠው ወደ ጋራው ሲመለከቱ ቆዩ።

«የሚዘጋው ከዳር ከዳር ነው አለኝ» አሉ፤ «ጭጋግም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ ጎንሽን ነው የሚወስድብሽ።» ቀጠሉም፤ «ኢንታላ ኮ፣ ከመዘጋቱ በፊት ዳላቲን ሳነቴ ላይ ስትሄድ አንድ ጊዜ ባያት፣ ሌላ ነገር አልጠይቅሽም።»

ኢንታላ ኮ ማለት ልጄ ማለት ነው። በአማርኛ ሲያወሩም ቢሆን ይህን ቃል ለውጠውት አያውቁም።

ዙሀይራ ሥራዋን አፋጠነች። በአሮጌው ኢንጂን መንጋው ከሞላ ጎደል አልቋል፤ የቀረው የሳነቴ ጭጋግና ራሷ ዳላቲ ብቻ ናቸው። እውነት ነው፣ ሣሩ የተነጠፈ አረንጓዴ ምንጣፍ ይመስላል፤ ጭጋጉም በገመድ የተሰጣ ነጠላ ይመስላል። ይሁንና ይሄዳል። ስንዴው ከመሸተቱ በፊት ያልቃል ብላ ነበር፤ እንደዚህ ባለ ግምት ደግሞ ተሳስታ አታውቅም።

ያ ክብሩ ሲያወራለት የነበረው አዲስ ኢንጂን የመጣው በዚህ መካከል ነው። ከአዲስ አበባ ተደወለ። ዙሀይራም እንደ ልማዷ አወረደችው፤ ላሟን ወንዝ አሻገረቻት፤ በዩስራ ስልክ ልትጭነው ብትሞክር ስልኩ እንደ ምጣድ ግሎ ተዘጋ። ፍርዷን በዚያው ጠዋት ጻፈች፦ ያማረ ነው፤ ለእኛ ግን አይሆንም። አቅማችን የማይችለው ማሽን ይፈልጋል፤ የትናንት ሥራችንም አይሻገርም፤ ኢንጂኑ ራሱ ገና ስላልረጋ የሠራነውን በየጊዜው ያፈርስብናል። ጽሑፉ አጭር ነው፤ አንድም ቃል አልተሳሳተችበትም።

ነገር ግን መሞከሪያውን ከመዝጋቷ በፊት፣ ምን እንደሚመስል ልይ ብላ፣ በወንዙ ላይ ጭጋግ ለቀቀችበት።

አቶ መሀመድአወል ሰግደው ሲገቡ ጭጋጉ በስክሪኑ ላይ ነበር። እንደ ነጠላ አልተሰቀለም፤ ከመሬት ይነሣል፤ ድንጋዩን ይዞራል፤ በላሟ እግሮች መካከል ያልፋል፤ ሲሳሳ ማዶውን ያሳይና መልሶ ይጋርደዋል። ሽማግሌው ከበሩ ላይ ቆሙ። ከዚያ ወንበር ስበው፣ ፊታቸው መስታወቱን እስኪነካ ድረስ ተጠጉ።

«ይህ ፎቶ ነው?»

«አይደለም አባ። አዲሱ ኢንጂን ነው፤ እየሞከርኩት ነው።»

«ይህ ነው!» አሉ። «ይህ ራሱ ነው፤ ሳነቴ ነው። የቀረው ሽታው ብቻ ነው።» እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ። ዙሀይራ አባቷ ሲያለቅሱ ያየችው እናቷ ባረፉ ጊዜ እንኳ አይደለም፤ ያን ቀን ነው።

«አባ» አለች፤ ስትናገር ድምፅዋን ልብ ብላ አስተካክላው ነበር፤ «የድሮው ሊያልቅ ነው፤ ትንሽ ነው የቀረው። በዚህኛው ግን ልሥራው ካልኩ ከመሠረቱ ነው የምጀምረው። የቱ ይሻልዎታል?»

አቶ መሀመድአወል ዓይናቸውን ከጭጋጉ ሳያነሡ ቆዩ።

«ዓይኔ ገና ነው፤ አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ተቻኩለሽ ከምታሳዪኝ፣ አምሮ ልየው።»

ከሮቤ ገበያ ሰው ሁሉ ይልቅ «ምን ትበላለች?» ብሎ መጠየቅ የሚያውቁ ሁለት ሰዎች በአንድ ስክሪን ፊት ተቀምጠው ነበር። አንዳቸውም አልጠየቁም። ጭጋጉ ቀንዷ ነበር፤ ሁለቱም ያዩት ቀንዷን ብቻ ነው። ጠዋት ለአዲስ አበባ የጻፈችው ፍርድ በዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ነበር፤ ዙሀይራ ግን ለራሷ ስትሆን አላነበበችውም።

ኢንጂኑ መብላት ጀመረ። በመጀመሪያ የበላው ያለቀውን ሥራ ነው። በአሮጌው የተሠሩት ላሞች በአዲሱ ውስጥ ሲገቡ እግራቸው ከሆዳቸው እየተለየ ስለሚወድቅ፣ የእያንዳንዷን አጥንት እንደገና መትከል አስፈለገ። ቀጥሎ ኮምፒውተሯን በላው፤ ጭጋጉ ገና ሲነሣ ማሽኑ እንደ ወፍጮ ጮኾ ይጠፋል። ክብሩ በዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ በአንድ ብርቱ ማሽን እንድትሠራ አስፈቀደላት፤ ስለዚህ ጠዋት ወጥታ ማታ የምትገባ ሆነች። መብራት ይሄዳል፤ መብራት ሲመጣ ከግማሹ ትጀምራለች። ኢንጂኑን የሠሩት ሰዎች ማሻሻያ ነው ያሉትን ባወጡ ቀን ደግሞ፣ ስትከፍተው ጭጋጉ በሙሉ ጠፍቶ ላሞቹ በጠራራ ፀሐይ ቆመው አገኘቻቸው። ክብሩ ከኋላዋ ቆሞ ተመለከተና፣ «እንግዲህ በጋ ገባ» አለ። ዙሀይራ አልሣቀችም፤ ክብሩም ከዚያ በኋላ በዚህ ነገር አልቀለደም።

ስንዴው ሸተተ፤ ታጨደ፤ ሜዳው ገለባ ብቻ ሆነ። አባቷን ወደ ጎባ ለቀጠሮ የምትወስዳቸው አሁን ዩስራ ነበረች። ዩስራ በገበያው ልብስ የምትሸጥ፣ አንደበቷ የማያርፍ ታናሽ እኅቷ ናት።

«ለአዲስ አበባዎቹ ሌላ ዳኛ ነሽ፣ ለቤትሽ ሌላ» አለቻት አንድ ማታ፣ ራቷን እያቀረበችላት።

«ሊያልቅ እኮ ነው።»

«ሁልጊዜ ሊያልቅ ነው! ነጋዴ ብትሆኚ ጨርቁን ስታማርጪ ዒዱ ያልፍብሽ ነበር።»

«ሐኪሙ ምን አለ?»

ዩስራ ሳህኑን አስቀምጣ ሻሿን አስተካከለች። «ጠብታውን አታቋርጡ አለ» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሐኪሙ የተናገረውን ብቻ ሳይሆን የለበሰውንም ጭምር ታወራላት ነበር።

ዙሀይራ ልብ ያላለችው ነገር ይህ ብቻ አልነበረም። አቶ መሀመድአወል ጉልበቴን ነው ብለው ገበያ መሄድ ትተዋል። ሰው ሲገባ አስቀድመው ሰላም ማለት ልማዳቸው የነበረ ሰውዬ፣ አሁን እንግዳው አንድ ቃል እስኪናገር ይጠብቃሉ። እርሷ የደረሰችበትን ልታሳያቸው ስትል፣ «መጀመሪያ ንገሪኝ» ይሏታል፤ ስትነግራቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ካዳመጡ በኋላ ወደ ስክሪኑ ዞረው፣ «አምሯል፤ ልክ እንዳልሽው ነው» ይላሉ። በጣታቸው ማረማቸው ቀርቷል። ስክሪኗ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ንጹሕ ነበር። ዙሀይራ በንጽሕናው ያሰበችው፣ ሥራዋ የሚታረም ነገር እንዳጣ ነው።

«የዳላቲ ምልክት የት ጋ ነበር አባ? ነጭ ነበራት ብለውኝ ነበር» አለቻቸው አንድ ቀን።

«እሱን ተዪው። ሲያልቅ እኔ ራሴ በጣቴ አሳይሻለሁ።»

ስለዚህ ዳላቲ ያለ ምልክት ቀረች። ግራጫ ሰውነቷ ላይ ለነጩ ምልክት የተተወ ባዶ ስፍራ ነበር፤ ዙሀይራ ሌላውን ሁሉ ስትጨርስ እርሱን ሆን ብላ ለአባቷ ጣት አቆየችው።

ያለቀው በልግ ሊገባ ሲል ነው። የቤቷ ኮምፒውተር ስለማይሸከመው፣ ክብሩ ብርቱውን ማሽን ለአንድ ቀን አስፈቅዶ፣ በጋቢ ጠቅልሎ በባጃጅ ይዞት መጣ። እንደ አራስ ሕፃን ታቅፎት ከባጃጁ ሲወርድ፣ «መንገድ ልቀቁ! ይህን ከጣልኩት ጎጃም የምገባው በእግሬ ነው» አለ። ከዙሀይራ ጋር ሆነው ከስክሪኗ ጋር አገናኝተው ከተከሉት በኋላ ክፍል አለኝ ብሎ ተነሣ። «አባባ፣ ማታ መጥቼ ፍርድዎን እሰማለሁ» አላቸው።

«ፍርዱ ተቆርጧል መምህር፤ አንተ ብቻ በሰላም ዋል» አሉት።

አቶ መሀመድአወል ለዚያ ቀን ታጥበው፣ ለጁምዓ የሚለብሱትን ነጭ ልብስ ለብሰው፣ ኮፍያቸውን አድርገው ነበር። ዩስራ ክንዳቸውን ይዛ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻቸውና በበሩ አጠገብ ቆመች። ገበያ አልሄደችም። ዙሀይራ በጎናቸው ተቀመጠች፤ ማውሱን ሁለት ጊዜ ሳተችው።

«ይኸው አባ» አለች፤ ተጫነችውም።

ኢንጂኑ ከባድ ነው፤ ያን ሁሉ ሣርና ጭጋግ አንሥቶ እስኪያሰናዳ ድረስ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቆያል። ድምፅም የለውም። ይህን የሚያውቀው የሠራው ሰው ብቻ ነው። ዙሀይራ እየጠበቀች ሳለ አባቷ ወደ ፊት ዘንበል አሉ።

«ማሻአላህ!» አሉ። ድምፃቸው የሞቀ ነበር። «ማሻአላህ፣ ኢንታላ ኮ! ጭጋጉን እዪው! ከመሬት እየተነሣ... ጅባራውንም አቁመሽዋል። ዳላቲም ይኸው ከፊት ናት። ሁሉም አሉ፤ ያቺ ሰነፏም አለች። አንዲትም አልጎደለችም። እጅሽ ይባረክ!»

ዙሀይራ ስክሪኑን ተመለከተች። ጥቁር ነበር። በጥቁሩ መስታወት ላይ የሚታየው የሁለታቸው ፊት ብቻ ነው፤ የአባቷ ፊት ፈገግ ብሎ ነበር፤ ፈገግታው ግን ከስክሪኑ ትንሽ ወደ ጎን፣ ወደ ግድግዳው ያደላ ነበር። በሩ አጠገብ ዩስራ ሻሿን በአፏ ላይ ይዛ ዞረች።

ያን ጊዜ ቃጭሉ ተሰማ።

በመጀመሪያ ከሩቅ፣ ቀጥሎ ከቅርብ ተሰማ፤ ከዚያ ነፋሱ፣ ከዚያም የብዙ ሰኮና ድምፅ ተከተለው። ስክሪኑ ነጣ፤ ጭጋጉ ሞላበት።  አቶ መሀመድአወል ጆሯቸውን ወደ ቃጭሉ አዙረው ቆዩ፤ ፈገግታቸውም ቀስ በቀስ ሄደ።

«አሁን ነው የተከፈተው?» አሉ።

ዙሀይራ ልትዋሽ ፈለገች፤ አልሆነላትም። «አሁን ነው አባ።»

ቃጭሉ ይጮኽ ነበር። ሽማግሌው እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ አሳርፈው፣ በገበያ መካከል ቃሉ እንደ ታጠፈበት ሰው አቀረቀሩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች ዙሀይራ። የጠየቀችው በሹክሹክታ ነው።

«ስንዴው ሲታጨድ ድምፁን ነው የሰማሁት» አሉ፤ «ሲሸት ግን አይቼዋለሁ። ወርቅ መስሎ ነበር።» ቀጥለውም፣ «ዩስራን አትቆጪያት። ያስማልኳት እኔ ነኝ። ልብሽ ተሰብሮ እጅሽ ከሥራው እንዳይሰንፍ ብዬ ነው» አሉ።

ስንዴው ሲሸት። የአሮጌው ኢንጂን ዳላቲ፣ ያቺ ሣሯ ምንጣፍ፣ ጭጋጓ ነጠላ የሚመስልባት፣ ያን ጊዜ አልቃ ትደርስላቸው ነበር። ዙሀይራ ዕድሜዋን ሁሉ ለሰው ስታሰላ የኖረችው ሒሳብ ይህ ነው፤ አሁን ሳታሰላው ራሱ መጥቶ ከፊቷ ተቀመጠ።

«ምልክቷን አላደረግሽላትም አይደል?» አሉ አባቷ።

«እርስዎን ስጠብቅ ነው።»

«ቃል ገብቼ ነበር።» እጃቸውን ዘረጉ። ዩስራ ልትረዳቸው አንድ እርምጃ ተራመደች፤ ዙሀይራ በዓይኗ አቆመቻት። ጣታቸው በአየር ላይ ትንሽ ፈለገና መስታወቱን አገኘው። «እዚህ ነው» አሉ፤ «ከግራ ትከሻዋ ዝቅ ብሎ። ጥፍር የሚያህል ነጭ ነው። አየሽው?»

ጣታቸው ያረፈው በባዶ ጭጋግ ላይ ነበር። ዳላቲ በስክሪኑ ዳር፣ ከጅባራው ወዲያ ቆማለች።

«አየሁት አባ። ትንሽ ብቻ፣ ጣትዎን እንዳያነሡት» አለችና ቁልፉን ተጫነች። ላሟ ተንቀሳቀሰች። ማሽኑ ጭጋጉንም መንጋውንም አንድ ላይ መሸከም ስለከበደው፣ ዳላቲ አንድ እርምጃ ሄዳ ትቆማለች፤ ደግሞ አንድ ትሄዳለች። የሽማግሌው ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዙሀይራ ቁልፉን አጥብቃ ያዘችው። አጥብቆ በመያዝ የሚፈጥን ነገር እንደሌለ ከማንም ይልቅ የምታውቅ እርሷ ናት።

«አገኘሽው?»

«ደረሰች አባ፤ እየደረሰች ነው።»

ክንዳቸው ዛለ። ላሟ ከመድረሷ በፊት ጣታቸው ከመስታወቱ ወርዶ ጉልበታቸው ላይ አረፈ። በስክሪኑ ላይ የቀረው አሻራቸው ብቻ ነበር፤ ከወራት በኋላ በዚያ ቤት ስክሪን ላይ ያረፈ የመጀመሪያው አሻራ ነው። ዳላቲ መጥታ፣ ግራ ጎኗን ሰጥታ ከሥሩ ቆመች። አሻራው ከትከሻዋ ዝቅ ብሎ፣ ጥፍር የሚያህል ነጭ ምልክት መሰለባት።

ዙሀይራ እጇን ከቁልፉ ላይ አነሣች። ላሟ ከተንቀሳቀሰች ምልክቱ አብሯት አይሄድም።